ካሴቱ የቆረጠው ዘፈን

አባቴ ያን ዘፈን እስከ መጨረሻው አሰምቶኝ አያውቅም ነበር። መኪና ውስጥ ሬዲዮ ከፍተን ስንሄድ የጊታሩ መግቢያ ሲሰማ ፊቱ ይፈታል፤ መሪውን በጣቶቹ መታ መታ እያደረገ በሚችላት እንግሊዝኛ አብሮ ያንጎራጉራል። ሦስተኛው አንጓ አልቆ ቫዮሊኑ ብቻውን ሲቀር ግን እጁን ይሰድና ሬዲዮውን ያጠፋዋል። ሱፐርማርኬት ውስጥ ከሰማነው ደግሞ ጋሪያችንን ከነወተቱ ከነእንቁላሉ መደርደሪያ ጥግ አቁሞ እጄን ይዞ ይወጣል። ዘፈኑ እስኪያልቅ ውጪ ፀሐይ ላይ እንቆማለን።

«አለቀ ይሆን አባዬ?»

«ትንሽ እንቆይ።»

ላስ ቬጋስ ውስጥ በገዛ ፈቃዱ ፀሐይ ላይ የሚቆም ሰው የለም። ያለፈው ሁሉ ያየናል። እኔ ግን አላፍርም፤ ምክንያቱን አውቃለሁ።

ነገሩ የተጀመረው እኔ ከመወለዴ በፊት ናዝሬት ውስጥ ነው። እናቴ ዕንቁ አንድ ሙዚቃ ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ደንበኞች ባዶ ካሴት ይዘው ይመጣሉ፤ እሷ የፈለጉትን ዘፈን ትቀዳላቸዋለች። አባቴ ግዛቸው ወንጂ ስኳር ፋብሪካ መጋዘን ውስጥ ነበር የሚሠራው። አንድ ቀን መጣና ያን የአሜሪካ ካንትሪ ዘፈን አስቀዳ። በሳምንቱ ተመልሶ «ካሴቱ ተበላሸብኝ» አላት። ቀዳችለት። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ «ቴፑ በላብኝ» ብሎ መጣ። አሁንም ቀዳችለት። ሲደጋግም ጊዜ ሳቋን መያዝ አቅቷት፣

«አንተ ሰውዬ፣ ቴፑ ነው የሚበላው ወይስ አንተ?» አለችው።

ያኔ ዘፈኑን የማያውቅ አልነበረም ይላል አባቴ። ሻይ ቤቱም፣ ልብስ ሰፊውም፣ የጭነት መኪና ሹፌሩም ይከፍተዋል። ቃሉን በትክክል የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ሐዘኑን ግን ማንም አይስተውም። ታሪኩ የጠፋችበትን ሴት ስለሚፈልግ ሰው ነው። በመጀመሪያው አንጓ የአውቶቡስ ሹፌር ይጠይቃል፤ ሹፌሩ ወደሚቀጥለው ከተማ ይመራዋል። በሁለተኛው፣ ምግብ ቤት የምታስተናግድ ሴት ይጠይቃል፤ እሷም ከወንዙ ማዶ ፈልጋት ትለዋለች። በሦስተኛው ፀጉር ቆራጭ ይጠይቃል፤ እሱም ሌላ መንገድ ያሳየዋል። ከዚያ ቫዮሊኑ ይገባል። አራተኛው አንጓ ሊጀምር ሲል ካሴቱ ጠቅ ብሎ ይቆማል። የሙዚቃ ቤቱ ዋናው ካሴት ራሱ እዚያ ላይ ያለቀ ስለነበር ከእናቴ እጅ የወጣው ቅጂ ሁሉ እዚያው ይቆማል። የእናቴ ደንበኞች በሙሉ የዘፈኑን መጨረሻ ሳያውቁ ነበር የሚወዱት ማለት ነው።

እናቴና አባቴ በዚህ ተከራክረው አይጨርሱም ነበር።

«ያገኛታል» ትላለች እናቴ። «ካላገኛት ለምን ይዘፍናል?»

«ካገኛትስ ለምን ይዘፍናል?» ይላል አባቴ።

ሠርጋቸው ላይ የጨፈሩትም በዚሁ ነው። አንድ ሰው የጠፋችበትን ሴት እያለቀሰ ሲፈልግ እነሱ ተቃቅፈው ጨፈሩ። ካሴቱ ጠቅ ሲል ድንኳን ሙሉ ሰው እጁን እንዳነሣ ቀረ። ወደ ኋላ አጠንጥነው እንደገና ከፈቱት፤ እንደገና ጠቅ አለ።

ስምንት ዓመት ሲሞላኝ ዲቪ ለአባቴ ደረሰው። ለቪዛው ምርመራ ስናደርግ በእናቴ ሳንባ ላይ ነጥብ ታየ። እናንተ ቅደሙ፣ እሷ መድኃኒቷን ስትጨርስ ትከተላለች ተባለ። ቦሌ ስንሰነባበት እናቴ የአባቴን የኮት ቁልፍ እየቆለፈች፣

«እዚያ ሙሉው ይኖራል» አለችው። «ሳልመጣ ብትሰማው ወዮልህ!»

«አልሰማም። አብረን ነው የምንሰማው።»

«ማል።»

«ዕንቁ ትሙት አልሰማም።»

እናቴ ሳቀች። እኔ ግን መሐላውን ያዝኩት። ዕንቁ ትሙት ብሎ የማለ ሰው ቃሉን ካፈረሰ ዕንቁ ትሞታለች፤ ለእኔ ነገሩ እንደዚያ ቀጥተኛ ነበር። ስለዚህ ገበያ ውስጥ ዘፈኑ ሲጀምር ቀድሜ ወደ በሩ የምሮጠው እኔ ነበርኩ።

አሁን የራሴ ልጅ አለችኝ። ሐሌሉያ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ የምንኖረው እዚያው ቬጋስ፣ ማውንተንስ ኤጅ የሚባል ሰፈር ነው። በቀደም ትምህርት ቤት ሳደርሳት ስልኳን ከመኪናው ጋር አገናኘችና ያው ዘፈን መጣ። እጄ ሳላዘው ሄዶ አጠፋው።

«ማሚ! ለምን ኦፍ አደረግሽው?»

«ከየት አገኘሽው ይሄን?»

«ሁሉም ልጅ ያውቃል እኮ። በጣም ሳድ ነው። ለዛ ነው የምወደው።»

«ቀበቶሽን እሰሪ» አልኳት።

አስራው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሳስበው እቆያለሁ። ዘፋኙ ከሞተ ቆይቷል። ካሴት የሚባል ነገር ልጄ አታውቅም። አሁንም ግን መሐል ከተማ ካሉት ካዚኖዎች ባንዱ፣ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ማታ ማታ ይዘፍነዋል፤ ለመዝናናት የመጣው ሰው መጠጡን አስቀምጦ ያለቅሳል። ምንም ያልጠፋበትም ያለቅሳል። እኔ ሁልጊዜ ክፉውን ስለምጠብቅ ይሆናል፣ ሰው ወደፊት የሚጠፋበትን እያሰበ የሚያለቅስ ይመስለኛል።

ከአባቴ ጋር ቬጋስ ስንገባ የመጀመሪያ ቤታችን ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ነበረች። አባቴ መጀመሪያ ካዚኖ ውስጥ ሳህን አጠበ፤ ቀጥሎ ካርታ ማከፋፈል ተምሮ ዲለር ሆነ። እሱ ሺፍት ሲገባ የምትይዘኝ ጎረቤታችን የሺሃረግ ናት። ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች፤ እጇ ሁልጊዜ የሳሙና ሽታ አለው። እትዬ የሺ ነበር የምላት። ፀጉሬን የምትሠራኝ፣ ምሳዬን የምትቋጥርልኝ፣ የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ የምታሳፍረኝ እሷ ናት።

እሑድ እሑድ በስልክ ካርድ ናዝሬት እንደውላለን። የእናቴ የመጀመሪያ ጥያቄ አይለወጥም።

«ሰማችሁት እንዴ?»

«አልሰማነውም እማዬ! ሮጠን ወጣን!»

«ጎበዝ! እኔ ሳልመጣ እንዳትሰሙት።»

ትስቃለች፤ ስትስቅ ሳል ይጀምራታል። ሳሏ ከሳቋ የሚመጣ ይመስለኝ ነበርና ስትስል ደስ ብሎኝ የበለጠ አስቃታለሁ። አባቴ ስልኩን ይቀበለኝና መታጠቢያ ቤት ገብቶ በሩን ይዘጋል።

ከገና በኋላ አንድ ቅዳሜ ማለዳ እየሩስ መጥታ ቀሰቀሰችኝ። እየሩስ የእትዬ የሺ የእህት ልጅ ናት፤ ቀልደኛ፣ ጥፍሯን ሁልጊዜ የምትቀባ።

«ተነሺ፣ ዛሬ ጨዋታ ቦታ ልወስድሽ ነው።»

«አሁን? በጠዋት?»

«በጠዋት ስንደርስ ሰልፍ የለም።»

ስንወጣ የአባቴ የሥራ ባልደረባ ጋሼ ሐዲስ ከመኪናው ሲወርድ አየሁት። ከኋላው ሌሎች መኪናዎች ፓርክ ያደርጋሉ። ሴቶቹ ነጠላ ለብሰዋል። ማንም አልሳቀልኝም።

«የት ነው የሚሄዱት?»

«ጸሎት አላቸው» አለች እየሩስ፤ እጄን ጠበቅ አድርጋ ያዘችኝ።

ፎቁ ላይ የልጆች መጫወቻ ያለው አንድ ካዚኖ ወሰደችኝ። እንደዚያ ያለ ቀን በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ቀለበት ወረወርኩ፤ ውኃ እየረጨሁ ፊኛ አፈነዳሁ፤ ከጣሪያው ሥር በገመድ የሚወዛወዙ ሰዎች አየሁ። ፒዛ በላሁ፤ አይስክሬም ስጠይቅ እምቢ አልተባልኩም፤ ሁለተኛ ስጠይቅም እምቢ አልተባልኩም። ከእኔ የሚበልጥ ሮዝ ዝሆን አሸነፍኩ። እየሩስ ግን በየመሐሉ መጸዳጃ ቤት እየሄደች ዓይኗ ቀልቶ ትመለሳለች።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ኤሲው ነው፤ ዓይኔን ያቃጥለኛል።»

«እንሂድ እንግዲያው።»

«ትንሽ እንቆይ» አለች።

ያን ቀን ጠዋት ለአባቴ የእናቴን መርዶ ነገሩት። ናዝሬት ያሉት ዘመዶች ለሐዲስ ደውለው፣ ሐዲስ ሰው ሰብስቦ፣ አባቴ ከሺፍት ወጥቶ ጥቂት እንዲተኛ ጠብቀው፣ ነገሩት። ልጅ እንዳትሰማ ተብሎ እኔ ተወሰድኩ። እየሩስ ያኔ ሃያ ዓመት እንኳን አልሞላትም ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ከእኔ ጋር ፊኛ ስታፈነዳ ዋለች። ዛሬም በማለዳ በሬ ከተንኳኳ ቶሎ አልከፍትም። ዕቃ አምጪ መሆኑን በካሜራው እያየሁትም ቢሆን።

ስንመለስ ቤቱ ሰው በሰው ሆኗል። በሩ ላይ አንዷ «ልጅቷ መጣች!» ስትል ውስጥ የነበረው ድምፅ ሁሉ ባንዴ ጸጥ አለ። ድስቶች ከምድጃው አልፈው መሬት ላይ ተደርድረዋል። ወንዶቹ ምንጣፉ ላይ ክብ ሠርተው ካርታ ይጫወታሉ። ብዙዎቹ ዲለሮች ስለሆኑ ካርታው በእጃቸው ላይ እንደ ወፍ ነው የሚበረው። አንዱ ነገሩን ለማቅለል ብሎ፣

«ሐዲስ፣ ቀስ በል! እዚህ ቲፕ የለም» አለው። የሳቀ የለም።

አባቴ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ተቀምጧል። ጥቁር ሱሪ፣ ጥቁር ሸሚዝ ለብሷል። ጥቁር የሥራ ልብሱ ስለሆነ ምንም አልመሰለኝም። ጺሙን በሳምንቱ ላጨው፤ ካዚኖው ያልተላጨ ሰው ጠረጴዛ ላይ አያቆምም። «ዕንቁን ተላጭቼ ነው ያለቀስኳት» ይላል እስከ ዛሬ።

እኔ የታየኝ ድግስ ነው። ይኼ ሁሉ ሰው፣ ይኼ ሁሉ ምግብ፣ እናቴን ለመቀበል መሆን አለበት አልኩ። ዝሆኔን ተሸክሜ መሐላቸው ቆምኩና፣

«ይኼ ለእማዬ ነው! ስትመጣ እሰጣታለሁ!» አልኩ።

ጥግ ላይ የነበረች አንዲት ሴት «ወይኔ!» ብላ ልትጮህ አፏን ስትከፍት እትዬ የሺ ጭኗን ቆነጠጠቻት፤ ሴትዮዋ ጩኸቱን ወደ ሳል ለወጠችው። ሁሉም ተራ በተራ ሳሙኝ። አንዳንዶቹ እየሳሙኝ ፊታቸው ይርሳል። ሰው ይህን ያህል እንደሚወደኝ አላውቅም ነበር፤ ኮራሁ።

ከዚያ በኋላ እሑድ ስልክ መደወል ቀረ።

«እናትሽ ጠበል ገብታለች» አለኝ አባቴ። «እዚያ ስልክ የለም። እስኪሻላት ትቆያለች።»

አመንኩት። ጠበል መግባት ደግ ነገር ነው። ግን ቤቱ ውስጥ ሌላ ነገር መኖሩን ልጅም ቢሆን ይሰማዋል። አባቴ በየቀኑ ጥቁር ይለብሳል፤ ኦፍ በሆነበት ቀንም። እትዬ የሺም ጥቁር መልበስ ጀምራለች። ሁለቱ አንድ ዓይነት ልብስ የሚለብሱት ለምንድን ነው? አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ተመልሼ ከፍሪጁ ኋላ ተደብቄ ሰማኋቸው።

«እስከ መቼ ነው ግዛቸው? ኃጢአት ነው እኮ!»

«ትምህርት ይዘጋ የሺ። ገና ቋንቋውን እየለመደች ነው። አሁን ብነግራት ትሰበርብኛለች።»

«ከሌላ ሰው ብትሰማስ?»

«ማን ይነግራታል? ሁሉም ምሎልኛል።»

አባቴ የሳህን ፎጣውን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ። እትዬ የሺ እጇን ትከሻው ላይ አሳረፈች፤ እሷም ታለቅሳለች። በቪድዮ ካየኋቸው ፊልሞች እንደምረዳው ወንድና ሴት ተደብቀው የሚላቀሱት ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ሊጋቡ ነው። ለዚያ ነው እናቴን ጠበል አስገብተው ያስቀሯት።

በማግሥቱ ፀጉሬን ልትሠራኝ ስትጠራኝ አልሄድኩም።

«ምን አደረግሁሽ የኔ እናት?» አለችኝ።

«እኔ እናትሽ አይደለሁም» አልኳት። «አንቺም እናቴ አይደለሽም።»

ማበጠሪያውን እንደያዘች ቆመች። «እውነትሽን ነው» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ወዲህ ሳታስገድደኝ ማበጠሪያውን አልጋዬ ላይ ትታልኝ ትሄዳለች። ፀጉሬ ተንጨባርሮ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። የሺሃረግ ከአባቴ ቤት እኔን ከማሳደግ በቀር ያገኘችው ነገር አልነበረም። ስዳር ግንባሬን ይዛ ሹሩባ የሠራችኝ እሷ ናት።

በዚያው ጊዜ እንግሊዝኛዬ ከአባቴ በለጠ። ባንክ ስንሄድ፣ ሐኪም ቤት ስንሄድ፣ ሰው የሚለውን ሰምቼ የምነግረው እኔ ሆንኩ። ሬዲዮ ላይ ዘፈኑ ሲመጣ ከሦስቱ አንጓዎች ያልገባኝ ቃል አልቀረም። አባቴም እንደ ወትሮው ያጠፋዋል። ሲያጠፋው ደስ ይለኛል። ቃሉን እስከጠበቀ ድረስ እናቴን አልተዋትም ማለት ነው፤ እሷም ደኅና ናት ማለት ነው።

ትምህርት ሊዘጋ ጥቂት ሲቀር፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ ሎን ማውንቴን ወሰደኝ። አባቴ ያን ብቻውን የቆመ ተራራ ይወደዋል። ግርጌው ፓርክ አድርገን፣ ኤሲው እየሠራ፣ መኪናው ውስጥ ተቀመጥን። ሊናገር እንደፈለገ ሰው ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ግን አይናገርም። ከዝምታው ማምለጫ ይሆነው ዘንድ ሬዲዮውን ከፈተ።

ጊታሩ መጣ።

የዘፈኑ ሰው ሹፌሩን ጠየቀው። አባቴ አላንጎራጎረም። የምግብ ቤቷን ሴት ጠየቃት። ፀጉር ቆራጩን ጠየቀው። ቫዮሊኑ ብቻውን ቀረ። እጁን ጠበቅሁ። እጁ መሪው ላይ ነው።

«አባዬ፣ አጥፋው።»

እጁ ከመሪው አልተነሣም።

«አባዬ! ዕንቁ ትሙት ብለህ ምለሃል! እማዬ ትሞታለች!»

ዘልዬ ላጠፋው እጄን ስሰድ ጣቶቼን ያዘኝ። እጁ ቀዝቃዛ ነበር።

«ተይው ሮሐዬ። ይጨርስ።»

አራተኛው አንጓ ሕይወታችን ውስጥ እንደዚያ ገባ። ሁለታችንም ሳንነቃነቅ ሰማነው። ሲያልቅ የፍራሽ ማስታወቂያ ተከተለው። አባቴ ሬዲዮውን አጠፋ።

«ምን አለ? አልያዝኩትም።»

በንዴት እያለቀስኩ ነው የተረጎምኩለት።

«የመቃብር ጠባቂ ነው የጠየቀው። ሽማግሌው ኮፍያውን አወለቀ።»

«እሺ።»

«ሞታለች። ሹፌሩ ያውቅ ነበር። ሴትዮዋም ታውቅ ነበር። ፀጉር ቆራጩም። አሳዝኗቸው ነው ያልነገሩት፤ ዝም ብለው ሲያዞሩት ነበር።»

«እሺ።»

«ውሸታሞች ናቸው!»

«እሺ» አለ አባቴ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ሮሐ፣ ስለ እናትሽ የምነግርሽ ነገር አለ…»

«አውቄዋለሁ! እትዬ የሺን ልታገባ ነው!»

«ማን ነው እንዲህ ያለሽ?»

«ማንም አላለኝም። ወጥ ቤት ስትላቀሱ አይቻችኋለሁ። ትምህርት እስኪዘጋ ነው የምትጠብቁት።»

«ልጄ፣ የሺ እንደ እህቴ ናት። በእግዚአብሔር አላገባትም።»

«እማዬ ትሙት በል።»

ዓይኑን ወደ ተራራው መለሰ።

«በማርያም እምልልሻለሁ…»

«አይሆንም! እማዬ ትሙት በል! ውሸትህን ካልሆነ በል!»

«እማ…» አለ አባቴ። ሊለው ሞክሯል፤ አይቼዋለሁ። ከዚያ የመኪናውን በር ከፍቶ ወረደና በዚያ ፀሐይ ወደ ድንጋዮቹ ሄደ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆመ፤ ትከሻው ይነቃነቃል።

መማል ያቃተው ሰው ውሸታም ነው ብዬ ደመደምኩ። ሌላ ምን ልበል? መሐላ በሕያው ነው የሚማለው። የሞተን ሰው ይሙት ብሎ የሚምል የለም። እናቴ ከሞተች ወራት ሆኗት ነበር፤ አባቴ ለማን ብሎ ዘፈኑን ያጥፋ? ይህን ካወቅሁም በኋላ ለብዙ ዓመት ማታ ስተኛ ያ አራተኛ አንጓ የገደላት ይመስለኝ ነበር። ቀኑን እየቆጠርኩ፣ ቀድማ ነው የሞተችው፣ ቀድማ ነው፣ እያልኩ ለራሴ እነግራለሁ። ሐሌሉያ «እናቴ ትሙት» ማለትን አታውቅም። ሆን ብዬ አላስተማርኳትም።

ያን ምሽት አባቴ ሶፋው ላይ አስቀመጠኝ። ፊቱ አብጧል።

«ነገ ጠዋት ሰዎች ይመጣሉ» አለኝ። «ስለ እናትሽ ነው። ዛሬ ምንም አትጠይቂኝ የኔ ልጅ።»

ወደ አልጋዬ ሄድኩ። ግድግዳው ቀጭን ነው፤ እትዬ የሺ በስልክ ስትናገር ይሰማኛል።

«በማለዳ ድረሱ። ማንም እንዳይቀር። አዎ… አይ፣ ልጅቷ ምንም አታውቅም።»

ከመኪናው ጀምሮ በልቤ ስጸልይ ነው ያመሸሁት፤ አባቴ ያፈረሰው መሐላ እናቴ ላይ እንዳይደርስ። አሁን ጸሎቴ መሰማቱ ገባኝ። ባለፈው የጎረቤታችን የኢክራም ባል ከአዲስ አበባ ሲገባ እንደዚሁ ነበር የተደረገው። በማለዳ ሁሉም ተጠራርቶ፣ ልጆቹ ሳይነገራቸው፣ አበባ ተይዞ አየር ማረፊያ ተሄደ። እናቴ መጣች። ሊያስደንቁኝ ነው የደበቁኝ። አባቴ ያለቀሰውም መሐላውን አፍርሶ ዘፈኑን ቀድሟት ስለሰማ፣ ምን ልበላት ብሎ ነው። በእትዬ የሺ ላይ የነበረኝ ቂም ያን ሌሊት ወጣልኝ።

ከሁሉም ቀድሜ ተነሣሁ። ለፋሲካ የተገዛልኝን ነጭ ቀሚስ ለበስኩ። ፀጉሬን ራሴ አበጠርኩት፤ አንዱ ጎን ከሌላው ይበልጣል፣ ግን ተበጥሯል። ጥርሴን ሁለት ጊዜ ቦረሽኩ። ሲንኳኳ አባቴ ከመኝታ ቤት ሳይወጣ ሮጬ ከፈትኩ።

መጀመሪያ የገባችው እየሩስ ናት። ተንበርክካ አቀፈችኝ፤ አልለቅ አለች። እኔ በትከሻዋ ላይ አሻግሬ ወደ ውጭ አያለሁ። ቀጥላ እትዬ የሺ። ከእሷ ኋላ የማውቃቸውና የማላውቃቸው ሴቶች፣ ጥቁር ሻሽ ያሰሩ። ቀሚሴን ሲያዩ አንዷ ፊቷን አዞረች። እያንዳንዳቸው ሲገቡ ጎንበስ ብዬ ከኋላቸው እመለከታለሁ። ከዚያ ወንዶቹ ገቡ፤ በግድግዳው ዙሪያ ሳይቀመጡ ቆሙ። አባቴ ከመኝታ ቤት ወጥቶ በሩ ላይ ተደገፈ።

ጋሼ ሐዲስ የመጨረሻው ነበር። ገባና በሩን ሊዘጋ እጁን ሰደደ።

«አትዝጋው ጋሼ ሐዲስ» አልኩት። «እማዬ ገና አልገባችም።»

እጁ በሩ ላይ ቀረ። ኤሲው ይሠራል፤ የሰኔው ሙቀት ወደ ውስጥ ይገባል። በሌላ ቀን ቢሆን አባቴ ይጮህ ነበር። ያን ቀን ግን ዝጋው ያለ ሰው የለም።